የዓይኔ ጨዋነት

ሕመሜ መጀመሪያ የተመሰገነው ጨዋነት ተብሎ ነው። ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ያደገ ግን ያምነኛል። አሥር ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። በራችን ሁለት፣ የጎረቤት ላም ሁለት፣ የእናቴ ፊት ሁለት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ከፍ ሲል እንዲህ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የግራ ዓይኔ ቆብ መውረድ ያዘ። እኔ እንደ ችግር አላየሁትም፣ እንዲያውም ጠቀመኝ። አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን ካየሁ የወረደው ቆብ የግራውን ዓይን ይጋርደዋል፣ ከሁለቱ በር አንዱ ይጠፋል፣ እኔም እውነተኛውን በር አግኝቼ እገባለሁ።

ሰፈሩ ይህን አየና ወደደው። ሴቶቹ ቦኖ ላይ ውኃ ሊቀዱ ሲሰለፉ፣ ማሻአላህ፣ ምን ያለች አንገቷን የደፋች ልጅ ናት፣ ይሉ ነበር። ለገዛ ልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው ስለሚጠሩኝ እኩዮቼ ሁሉ ጠመዱኝ። አንድ ቀን ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭቼ ግንባሬ ሲያብጥ እንኳ፣ ከማፈሯ ብዛት ነው፣ ተባለ። አንዲት ልጅ በጠራራ ፀሐይ ምሰሶ ስትገጭ አይቶ ምን ሆና ነው የማይል፣ አስተዳደጓን የሚያደንቅ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግሁት። እስከ ዛሬ ሰው አንገቷን የደፋች ልጅ ሲያመሰግን ስሰማ፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰዷት ማለት ያምረኛል።

ምስጋናውን የሚሰበስበው አጎቴ ነበር። አባቴ ሹፌር ነበር፤ ከደሴ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሆነ። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ። ገበያው አጠገብ የጨው ሱቅ ነበረው። ሰው እኔን ባመሰገነ ቁጥር ጺሙን እየዳበሰ፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ እኮ፣ ይላል። ስለማሳደጉ የማስታውሰው ነገር ቢኖር አርብ አርብ ከሶላት መልስ እኛ ቤት እየመጣ ምሳ መብላቱን ነው። እናቴ ቃል አትመልስለትም። ድምፅዋ ከጓዳ እስከ ሳሎን የማይደርስ ሴት ነበረች፤ ወንድሟ ሲናገር እሷም መሬት መሬቱን ታያለች፣ ያውም በጤነኛ ዓይኗ።

አንድ ቀን ይህ አጎቴ ከደጋን ከተማ አንድ እንግዳ ይዞ መጣ። ሰውዬው እህል ነጋዴ ነው፤ ቤት ሲገባ ሆዱ ቀድሞት ነበር። ምግቡ ሲቀርብ እጅ እንዳስታጥብ ተጠራሁ። ማስታጠቢያውንና ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቀረብኩ፣ እንግዳውም እጁን ዘረጋ። አንገት መድፋት ለመሄድ ይበጃል፣ ውኃ ለማፍሰስ ግን ማየት ግድ ነው። ቀና ብዬ ባይ የታዩኝ አራት እጆች ናቸው። የሰውዬው ይሆናሉ ያልኳቸው ላይ አፈሰስኩ፤ ውኃው በሌሉት እጆች መካከል አልፎ ሙሉውን ጭኑ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ በጓዳው መጋረጃ አጠገብ ደርቃ ቀረች። ሰውዬው ግን የረጠበ ሱሪውን እያራገፈ በሳቅ ሆዱን ናጠው። እጄን እንኳ ማየት ያፈረች ልጅ፣ እንዲህ ያለች ዛሬ የት ትገኛለች፣ አለ። አጎቴም ጊዜ አላጠፋም፤ ባሕሪዋ ነው፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኳት፣ አለው። ምሳው ተበልቶ ሳያበቃ ሰውዬው ለልጁ ጠየቀኝ፣ አጎቴም እሺ አለ። ውኃ የደፋሁበትን ሰው ምራት ልሆን የታጨሁት በዚህ ዓይነት ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የአንዱ ጭን እስኪርስ የታያቸውን በሽታ ጥሎሽ ሊቆርጡለት ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ወራት ዓይኔ ሌላ ጠባይ አመጣ። ቆቡ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ብሌኑ ግን ቦታውን ለቅቆ ወደ ግራ ጥግ ሸሸ። ወደ አፍንጫዬ ልመልሰው ብል አይመለስም፣ ወደ ላይ በል ብለው አይሄድም። ቀኙ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሲያይ ግራው ደጁን ያያል። ራሴን ያመኝም ጀመር። በዚህ መካከል የልጁ እናት ምራቷን ልታይ ከደጋን መጣች። ትልልቅ ሴቶች እንደሚያደርጉት ጸጉሬን ዳሰሰች፣ እጄን አገላበጠች፣ መጨረሻ ላይ አገጬን ይዛ ፊቴን ቀና አደረገችው።

በቀኝ ዓይኔ አየኋት። ግራው በወረደው ቆቡ ሥር ወደ ጎን ሄደ። በእኛ አገር ለዚህ ዓይነቱ አስተያየት ያለው ስም ግልምጫ ነው። ልጅ ቢሳደብ ልጅነት ነው ይባልለታል፣ ትልቅ ሰውን ከገላመጠ ግን ይቅርታ የለውም። ሴትዮዋ እሳት እንደነካ ሰው እጇን ከአገጬ አነሳች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ይቺ ልጅ ገና ደጄን ሳትረግጥ ናቀችኝ፣ ብላ የቀረበላትን ሳትቀምስ ወጣች። ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። ለዚህ ለዚህስ፣ ኋላ ሐኪሞች ያገኙብኝን ዕጢ ሳላመሰግነው አልቀርም።

ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ያው ሰው፣ ያው ዓይን፣ ያው ሕመም፤ ትናንት ዓይን አፋር የነበርኩት ልጅ ዓይን አውጣ ሆንኩ። ቦኖ ላይ ምሳሌ አድርገው ይጠሩኝ የነበሩት ሴቶች አሁን ልጆቻቸውን ከእኔ አራቁ። አጎቴ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ግልምጫውን ከዓይንሽ አወጣልሻለሁ እያለ ገረፈኝ። ሰውን መናቅ የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው ብል ልክ አይሆንም። በዚያ ቀን ግራ ነው የገባኝ፤ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም ነበርና።

አጎቴ ከሄደ በኋላ እናቴ ፊቴን ስታጥብ ሁለት ጉንጬን ይዛ፣ እስቲ እዪኝ፣ አለችኝ። እያየሁሽ ነው አልኳት። በሁለቱም እዪኝ አለች። በሁለቱም ነው አልኳት። ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችኝ። የግራ ዓይኔ ብሌን ከቀኙ እጅግ የሰፋ እንደነበርም ያየችው ያኔ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኔን ሲያነብ ከርሟል፤ የተመለከተው ግን እሷ ብቻ ናት። ለወንድሟ ሳትነግር በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ጤና ጣቢያው የዓይን ቅባት ሰጠን። ቀባን። ለውጥ የለም ብንላቸው ሌላ ቅባት ሰጡን። ሦስተኛውን ቅባት ሊሰጡን ሲሉ እናቴ ተነስታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

ደሴ የሄድነው በማለዳው አውቶቡስ ነው። ሐረጎን ስንወጣ አባቴ የሞተበት መታጠፊያ ላይ እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፋቲሃ ቀራች። ደሴ እንደ ወትሮዋ ብርድና ጉም ነበረች። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር፣ የሚያስተረጉምለት ደግሞ አንድ ነርስ። ሐኪሙ ጣቱን በዓይኔ ፊት ወዲያ ወዲህ አመላለሰ፣ ባትሪ አበራብኝ፣ ቆቤን በአውራ ጣቱ ገልቦ አየ፣ ራጅ አስነሳኝ። ከዚያ ወጥቶ ሌሎች ሐኪሞችን ጠርቶ መጣ። ሁሉም በተራ ቆቤን ገለቡ፣ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፣ አንደኛው ሳቀም። የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ ነበር። ስሜን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ነርሱ የተረጎመልን ይህን ነው። ዓይኗ ራሱ ጤነኛ ነው። ዓይንን ወዲያ ወዲህ የሚያዞሩትን ጡንቻዎች የሚያዝና ቆቡንም የሚያነሳ አንድ ነርቭ አለ፤ በዚያ ነርቭ ላይ ዕጢ በቅሏል። ሐኪሙ ይህን በልጅ ላይ የሚያውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ዕጢው ክፉ ዓይነት ላይሆን ይችላል፣ ግን እያደገ ነው። ካልወጣ መጀመሪያ የዓይኗን ብርሃን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ወደ አንጎል ይገባል። እዚህ የሚሠራ የለም፤ አዲስ አበባ ሂዱ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ትሞትብኛለች ወይ? ነርሱ ለሐኪሙ ሳያስተረጉም ራሱ መለሰ። ከቆያችሁ አዎ፣ አላት።

አዲስ አበባ መሄድ በዚያ ዘመን አውቶቡስ መሳፈር ብቻ አልነበረም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ኬላ ላይ ይወርዳል። ወረቀቱን የሚፈርመው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ይህ ሰው ከልኩ የሰፋ ካኪ ለብሶ ሽጉጡን ወደ ሆዱ አዙሮ የሚታጠቅ፣ ሲቀመጥ የሚወጋው፣ ሲወጋው ደግሞ እኛን የሚቆጣ ሰው ነበር። እናቴ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ቀረበች፣ እኔ ከኋላዋ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየ። ይቺ ናት አይደል፣ አለ። ባለፈው ስብሰባ ስለ ምርት ዘመቻ ሳስረዳ ከፊት ተቀምጣ የገላመጠችኝ ይቺ ናት። አጎቷም ቤት ውስጥ እንዳስቸገረች ነግሮኛል።

እናቴ ሕመም መሆኑን ነገረችው። የነርቭ ነው ብሏል ሐኪሙ፣ አለችው። ሊቀመንበሩ የሰጠውን መልስ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ነርቭ የሌለው ሰው የለም። እኔም አለኝ፣ ግን ሰው አልገላምጥም።"

አጠገቡ የነበረው ጸሐፊ ራሱን ነቀነቀ፤ ትልቅ ነገር የሰማ መስሎት ነበር። ከዚያ ውሳኔው ተነገረን። ልጅቱ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ቀርባ ግለ ሂስ ታደርጋለች፣ ማለትም ጥፋቷን በራሷ አንደበት ታምናለች፤ ከተቀበልናት ይፈረምላታል። ዕጢ የበቀለባት ልጅ ዕጢዋ ከመውጣቱ በፊት ራሷን እንድትወቅስ ታዘዘ። ይህን ያዘዘው ሰው በዚያን ጊዜ የሺህ ሰው አስተዳዳሪ ነበር። ስብሰባው እስኪደርስ ድረስ እናቴ እህል አልቀመሰችም፤ እኔ ራሴን እያመመኝ ግለ ሂሱን በቃሌ አጠና ነበር።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ያልመጣ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አይደርሰውም። መጀመሪያ ስለ ስኳር እደላ ተነገረ፣ ቀጥሎ ስለ ቦይ ጽዳት፣ ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ግለ ሂስ ከመጀመሬ በፊት ሂስ የሚያቀርብ ካለ ተባለና አጎቴ እጁን አወጣ። በሥርዓት ሊያሳድገኝ እንደደከመ፣ እኔ ግን የእናቴን ልል እጅ ተማምኜ እንዳመለጥኩት ተናገረ። ንግግሩን ሲጨርስ ተጨበጨበለት። ዘመኑ ለጭብጨባ ሰፊ ነበር። እኔ ተነስቼ ያጠናሁትን ልጀምር ስል ሊቀመንበሩ፣ መሬት እያየሽ አይደለም፣ እኔን ቀጥ ብለሽ እያየሽ ተናገሪ፣ አለኝ።

ቀና አልኩ። በሙሉ ኃይሌ ግንባሬን አንስቼ ሁለቱንም ዓይኔን እሱ ላይ ልተክል ሞከርኩ። ቀኙ ታዘዘልኝ። ግራው በግራ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀሉት ጢማም ፈረንጆች ሄደ፣ እዚያው ቆመ። አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታና አሁንም አልታረመችም አለ። ጥያቄው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል ማለት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ ነርሱ ነግሮናል። ለእነሱ አጀንዳ ነበር፤ ለእኔ ግን ከዚያ በኋላ ጊዜ አልነበረኝም።

እናቴ የተነሳችው ያን ጊዜ ነው። በስብሰባ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ በመደዳው መካከል ወደፊት መጣች፣ ከእኔ አጠገብ ቆመች፣ አንገቷን ደፋች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ እርስዎን እያማሁ እንዲህ ገላምጪው ብያታለሁ፤ እሷ ያየችውን ነው የያዘችው። ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጣቱን ለእኔ ይስጡኝ፣ ወረቀቱን ለእሷ።"

የሊቀመንበሩ ፊት ቀስ እያለ በራ። ለካ ሲፈልግ የኖረው ይህንን ነው፤ ዓይን መቅጣት አስቸግሮት ነበር፣ አሁን ሰው አገኘ። እናቴ ከሴቶች ማኅበር ተሰረዘች፣ ከኅብረት ሱቅ ታገደች፣ በየማለዳው የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ደጅ እንድትጠርግ ተፈረደባት። ወንድሟ ከተቀመጠበት፣ እኔ ድሮም ብያለሁ፣ አለ። እሷ ፍርዱን ቆማ ሰማች፣ ወረቀቱ እስኪፈረም ጠበቀች፣ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አመስግናም ወጣች።

እኔ ግን ደነገጥኩባት። አንድ ቀን እንኳ ሰው ስታማ ሰምቻት አላውቅም፤ በአላህ ስም ማለችና ዋሸች። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር። ልቤ አልችል አለና ጠየቅኋት።

"እማ፣ መቼ ነው ያስተማርሽኝ?"

"ዝም በይ፣ ኬላውን እስክናልፍ።"

ኬላዎቹን ሁሉ አለፍን፤ መልሱን ግን አልነገረችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋት። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ተመላለስን፣ ብዙ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቴ ተከፍቶ ዕጢው ወጣ። ቀዶ ጥገና ያደረገልኝ ሐኪም ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም አለን። ከዕጢው ጋር ነርቩም ሄደ። የግራ ቆቤ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፣ ዛሬም እንደተዘጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዓይን ግን ብርሃኑን አላጣም፣ በጣቴ ብገልበው ያያል። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፣ አለ ሐኪሙ፣ ልጅቱም አትኖርም ነበር።

ስንመለስ እናቴ ቅጣቷን ጀመረች። ሊቀመንበሩ ጠዋት ጠዋት በጠረገችው ደጅ ላይ እየረገጠ ሲያልፍ፣ እንዴት ናት ተማሪሽ፣ እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ታሳልፈዋለች። እኔ ከቤታችን በር ሆኜ በአንድ ዓይኔ አየው ነበር። ያን ጊዜ ግራ አልገባኝም። ይህን ሰውና በአዳራሹ ያጨበጨቡትን ሰዎች የማይበትን ዓይን ያኔ አገኘሁ፣ ከዚያ ወዲህም አልጠፋብኝም። መንግሥቱ ሲወድቅ ሰውዬው ካኪውን ጥሎ ጋቢ ለበሰ፣ ሰፈሩም እንደገና አባባ ይለው ጀመር። አጎቴ እኔን ያበላሸችው እህቱ እንደሆነች እያወራ ሞተ።

ስለ ነርቩ፣ ስለ ዕጢው፣ ስለ ሐኪሙ ቃል ለሰፈሩ ያልነገርኩበት ዓመት የለም። ጠባሳዬን አሳይቻቸዋለሁ። ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ አብሽሪ ይሉኛል፣ ዞር ሲሉ ግን የሚያወሩት ያችኑ የአዳራሹን ወሬ ነው። ሕመም ማንም ላይ ይደርሳል፣ ብዙም አያስወራም፤ አንዲት ድምፅ የማይሰማላት ሴት ልጇን ሊቀመንበር መገላመጥ አስተማረች የሚለው ግን ለዘመን የሚበቃ ወሬ ነው።

እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ላይ ቤቱ በሴቶች ተሞላ። ዱዓው ተደርጎ፣ ስለ ደግነቷ ሁሉም የየራሷን ከተናገረች በኋላ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን እጄን ይዘው በሐዘን አዩኝ።

"እናትሽ ወርቅ ነበረች፣ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጣት። ያችን ነገር ብቻ ምነው ባላስተማረችሽ።"

ሌሎቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ አፉ በላት አሉ። በነገሩ ሁሉ ተስማምተው ነበር፤ ፈጣሪ የሠራችውን ይቅር ይልላት ዘንድ እየለመኑላት ነው። ስለ ነርቩ እንደገና ልጀምር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቀና አልኩ። እኚያን ሴትዮ፣ ቀጥሎም ዙሪያውን የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየኋቸው።

"እውነትዎን ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "ያስተማረችኝ እሷ ናት።"